ሬይድ ምንድን ነው?

የመሥሪያ ቤቱን ዳታ በሚይዘው ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ፣ ፊት ከተደረደሩት አረንጓዴ መብራቶች አንዷ ወደ ብርቱካናማ ትለወጣለች፤ አንድ ዲስክ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሥራ አልቆመም፤ ፋይሎች ይከፈታሉ፣ ገንዘብ ተቀባይዋም ደረሰኝ ትቆርጣለች። ስለዚህ መብራቷን ልብ የሚላት የለም። ሬይድ ያለበት መሥሪያ ቤት ዳታውን የሚያጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ተዘናግቶ ነው።

ሬይድ በርካታ ሃርድ ዲስኮችን አስተባብሮ እንደ አንድ ዲስክ የሚያሠራ ዘዴ ነው። ስሙ የመጣው ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1988 ካቀረቡት ጽሑፍ ነው። ውዱን ትልቅ ዲስክ በርካሽ ትንንሽ ዲስኮች እንተካው አሉ። ዲስክ ሲበዛ ግን አንዱ የመበላሸቱ ዕድልም ይበዛል፤ መድን የሚሆን ተጨማሪ ነገር አብሮ መጻፍ የግድ ሆነ።

ሬይድ በቁጥር የሚለዩ ዓይነቶች አሉት። ሬይድ 1 ያንኑ ዳታ በሁለት ዲስኮች ላይ ይጽፋል። ሬይድ 0 በስም ብቻ ነው ከቤተሰቡ የሚቆጠረው፤ ለፍጥነት ሲል ዳታውን ይከፋፍላል እንጂ ምንም አይጠብቅም። ብልሃቱ ያለው ሬይድ 5 ላይ ነው። በሦስት ዲስኮች ላይ 7፣ 5 እና 9 ተጽፎ አራተኛው ድምራቸውን፣ 21ን፣ ያዘ እንበል። 5 ያለበት ዲስክ ቢሞት ከ21 ላይ 7ንና 9ን መቀነስ ነው። እውነተኛው ስሌት ተራ ድምር አይደለም፤ ውጤቱም በሁሉም ዲስኮች ላይ ተራ በተራ ይቀመጣል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። ፓሪቲ ይባላል። ሁለት ዲስኮች አብረው ከጠፉ አንድ ድምር አይበቃም፤ ሬይድ 6 ሁለተኛ ስሌት የሚጨምረው ለዚህ ነው።

አዲስ ዲስክ ሲተካ ሰርቨሩ የጎደለውን ለማስላት የተረፉትን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ዲስኮቹ ትልልቅ ከሆኑ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። የተረፉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሟቹ ጋር በአንድ ቀን ተገዝተው እኩል የደከሙ እኩዮቹ ናቸው። ለዓመታት ባልተነበበ ቦታ የተደበቀ ብልሽት ብቅ የሚለውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ዲስኩን ከመቀየሬ በፊት ዳታውን ወደ ሌላ ቦታ እገለብጣለሁ።

ቀጥሎ የዲስኩን መለያ ቁጥር ማመሳከር ነው። አንድ ባለሙያ ስክሪኑ «ዲስክ 2» ሲለው ከግራ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጥሮ ሲነቅል አይቻለሁ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ከ0 ነበር። የተነቀለው ደህናው ዲስክ ሆነና ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ጊዜ ስክሪኑ ላይ አዲስ ሬይድ ለመፍጠር የሚጠይቅ ነገር ቢመጣ እሺ አይባልም። ሰርቨሩ ጠፍቶ፣ ዲስኮቹ በነበሩበት ቅደም ተከተል ቁጥር ተጽፎባቸው፣ የእያንዳንዳቸው ሙሉ ግልባጭ ከተወሰደ በኋላ ጥገናው በግልባጮቹ ላይ ይሞከራል።

ሬይድ የዲስክን ሞት እንጂ የሰውን ስህተት አይመክትም። የተሰረዘ ፋይል ከሁሉም ዲስክ ባንድ ቅጽበት ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠው የጊትላብ ኩባንያ ሠራተኛ ሁለተኛውን ሰርቨር ያጸዳ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ሰረዘ። ዲስክ አልተበላሸም። ኩባንያው ሲተማመንባቸው የነበሩት የመጠባበቂያ ቅጂ ዘዴዎች ሲፈተሹ አንዳቸውም እንደታሰበው አልሠሩም። ያዳነው ስህተቱ ከመፈጸሙ ስድስት ሰዓታት ያህል ቀደም ብሎ አንድ ባለሙያ ለሌላ ጉዳይ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው።