የጀልባ ሞተር በስንት ዙር ቢነዳ ይሻላል? ግቤ ላይ የምንሰማቸው ስህተቶችና እውነታው

ጅማ ውስጥ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚጠግን ሰው የጀልባ ሞተርም ይፈታል ብሎ የሚያስብ ብዙ የለም። ግን በአዲስ አበባ መንገድ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲኬድ የግልገል ግቤ ሐይቅ አለ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረ፤ ከግድቡ ኋላ በተኛው ውሃ ላይ ደግሞ አሣ እያሰገሩ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ሞተር ያላቸው ጥቂቶቹ ሲበላሽባቸው ወደ እኛ ያመጡታል። ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት «በስንት ዙር ነው የምትነዱት?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ዙር ማለት ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ብዛት ነው። የሚመለስልኝ ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ነው። የሚባክነው ቤንዚን ከአሣው ገቢ ላይ የሚቀነስ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

«ቀስ ካልክ ነዳጅ ትቆጥባለህ»

ግማሹ እውነት ነው፤ ሰውን የሚጎዳውም ይኸው ግማሽነቱ ነው። በእውነት ቀስ ካሉ ይቆጥባል። ብዙ ሰው ግን «ቀስ» የሚለው መሃል ላይ ያለውን ፍጥነት ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ እሱ ነው።

ጀልባ ውሃ እየገፋች ስትሄድ ርዝመቷ የሚወስንባት ፍጥነት አለ። በሜትር የተለካውን ውሃ የሚነካ ርዝመቷን ስኩዌር ሩት አውጥታችሁ በ4.5 ብታባዙት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በግምት ታገኛላችሁ። ለ5 ሜትር ጀልባ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በላይ ልሂድ ስትል አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ይቀናል፣ ቂጧ ይሰምጣል፣ ከኋላዋ ትልቅ ማዕበል ትጎትታለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ነዳጁ ያልቃል፣ መንገዱ ግን አይገፋም። ይህን ጉብታ ስታልፍ አፍንጫዋ ይወርድና ውሃው ላይ መንሸራተት ትጀምራለች፤ ያኔ ይቀላታል።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል የወሰድኩት ነው፣ የእናንተ ጀልባ የራሷን ቁጥር ትሰጣለች። በ2,200 ዙር በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሄዳ 1.5 ሊትር ብትጠጣ፣ በአንድ ሊትር 5.3 ኪሎ ሜትር ሄደች ማለት ነው። በ3,600 ዙር 14 ኪሎ ሜትር ሄዳ 5 ሊትር ብትጠጣ፣ በሊትር 2.8 ብቻ። በ4,500 ዙር 25 ኪሎ ሜትር በ6.2 ሊትር ብትሄድ፣ በሊትር 4 ይደርሳል። ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቷት በ5,400 ዙር 30 ኪሎ ሜትር በ9 ሊትር ብትሄድ፣ ወደ 3.3 ይወርዳል። እንግዲህ 4,500 በሰዓት ሲቆጠር ከ3,600 የበለጠ ይበላል፤ በመንገድ ሲቆጠር ግን በጣም ያነሰ። ወደ መረባችሁ የምትደርሱት በመንገድ ነውና ሒሳቡም በመንገድ ይሁን። ጊዜ ካላችሁ 2,200፣ ከቸኮላችሁ 4,500። መሃሉ ላይ አትቆዩ።

«ዙሩን ዝቅ ካደረግክ ሞተሩ ዕድሜ ያገኛል»

ወደ ጅሬን ዳገት በአራተኛ ማርሽ የሚወጣ ባጃጅ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ዙሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ሞተሩ ታንቆ ይንቀጠቀጣል። ጎበዝ ሹፌር ማርሽ ይቀንስለታል። የጀልባ ሞተር ግን ወደፊት፣ ወደኋላና ባዶ እንጂ ሌላ ማርሽ የለውም፤ ማርሹ ውሃ ውስጥ እየዞረ የሚገፋው ፕሮፔለር ነው። ፕሮፔለር ላይ ፒች የሚባለው፣ አንድ ጊዜ ሲዞር ምንም ሳይንሸራተት ቢሆን የሚሄደው ርቀት ነው፤ 12 ኢንች ማለት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል። ለጀልባዋና ለጭነቷ ፒቹ ከበዛ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ዙሩ አይወጣም። ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑና ቢዬላው ይጨነቃሉ። ዝቅ ያለ ዙር ዕድሜ የሚሰጠው ሸክሙም ቀላል ሲሆን ነው።

«መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር እዚህም ይሠራል»

በዚህ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነውና። አንድ አባት ጋምቤላ፣ ባሮ ላይ ሲሠራ የነበረ ባለ 25 ፈረስ ጉልበት ሞተር ገዝተው በመቱና በበደሌ አድርገው አመጡ። ባሮ ላይ በሙሉ ነዳጅ 5,400 ዙር ይነካ ነበር ተብለዋል። ግቤ ላይ ሲሞክሩት ከ5,000 አላልፍ አለ፤ ሦስት ሰውና መረብ ሲጫን ደግሞ ከጉብታው መውጣት አቃተው።

«አታለሉኝ ልጄ፣ የደከመ ሞተር ነው የሸጡልኝ» አሉኝ።

«አልደከመም አባባ፤ አየሩ ነው የሳሳበት» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ አልፈረድኩባቸውም።

ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 530 ሜትር ያህል ነው። የግቤ ሐይቅ ሲሞላ 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ይተኛል። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው 15 ከመቶ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የአየሩን ያህል ጉልበት ያጣል፤ 25 የተባለው ወደ 21 ይጠጋል ማለት ነው። ፋብሪካው መመሪያውን ሲያዘጋጅ ይህን ከፍታ አስቦ አይደለም። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ሌላ ችግር ይጨመራል፦ አየሩ ሲያንስ ጂግለሩ (ቤንዚን የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ) የሚያሳልፈው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። አነስ ያለ ጂግለር ይህን ያስተካክላል። በኮምፒዩተር ነዳጅ የሚረጨው ሞተር ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል፣ የጠፋውን ጉልበት ግን እሱም አይመልስም።

የፒች አንድ ኢንች ለውጥ ወደ 200 ዙር ያህል ያመጣል። ፕሮፔለራቸውን ፒቹ 2 ኢንች ባነሰ ለወጥንላቸው፤ ሞተሩ ተመልሶ 5,400 ነካ፣ ጀልባዋም ሦስቱን ሰው ይዛ ተነሣች። ከካንዴላውና ከጂግለሩ በቀር ሞተሩን አልነካሁትም።

ስለዚህ የጉዞ ዙር ከመፈለጋችሁ በፊት የተለመደውን ጭነት ጭናችሁ አንድ ጊዜ ሙሉ ነዳጅ ስጡት። በሞተሩ ላይ ከ5,000 እስከ 6,000 ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ከዚያ ውስጥ፣ ቢቻል ወደ ላይኛው ጠጋ ብሎ መግባት አለበት። ካልገባ ከዚያ በኋላ የምትለኩት ሁሉ የታነቀ ሞተር ልኬት ነው። የጫሞ ሰው «የእኔ እንዲህ ነው» ቢላችሁም ጫሞ 1,110 ሜትር አካባቢ መሆኑን አስታውሱ፤ የጣናው ሰው ደግሞ 1,790 አካባቢ ነው፣ ለእኛ የሚቀርበው እሱ ነው።

«ጆሮዬ ይነግረኛል»

ጆሮ የለመደውን ይወዳል። የካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ የዙር መቁጠሪያ አለ፤ ዋጋው ከሚያድነው ቤንዚን አይበልጥም። ለፍጥነት የስልካችሁ ጂፒኤስ ይበቃል።

«ለመለካት ባለሙያና ውድ ዕቃ ያስፈልጋል»

በሊትር ምልክት የተደረገበት ትንሽ ጀሪካን በቂ ነው። ንፋስ ሳይነሣ በማለዳ ውጡ። አንድ ዙር ምረጡ፣ የታወቀ ርቀት ሂዱ፣ በዚያው ዙር ተመለሱ፤ ደርሶ መልሱ የንፋሱን ተጽዕኖ ያቻችለዋል። የጠጣውን ሊትር ጻፉ። ከዚያ 500 ዙር ጨምሩና ድገሙት። ሁለት ሰው ሁኑ፣ አንዱ ይንዳ፣ አንዱ ይጻፍ። የሕይወት ጃኬት ልበሱ፤ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድም ከነጂው እጅ ጋር ይታሰር።

«ወደ ላይም ወደ ታችም ያው ነው»

ሐይቁ ላይ አዎ። ወንዝ ላይ አይደለም። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በሚፈስ ወንዝ ላይ በ8 ሽቅብ የሚሄድ ሰው ከወንዙ ዳርቻ አንጻር የሚያተርፈው 3 ብቻ ነው። ሽቅብ ሲሆን ጠንከር፣ ቁልቁል ሲሆን ቀለል ማድረግ ይሻላል።

«አንዴ ካገኘሁት አለቀ»

ሆዷ ላይ አረንጓዴ የያዘባት፣ ድንጋይ የፕሮፔለሯን ጠርዝ የበላባት ጀልባ የዓምናዋ ጀልባ አይደለችም። ጠዋት ባዶዋን ስትወጣና ከሰዓት አሣ ሞልታ ስትመለስም ሁለት ናት። እኛ ያን ባለ 25 ስናስረክብ ባዶና ጭነት የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ከክዳኑ ውስጥ በማርከር ጻፍንላቸው፤ ከሥሩም ቀኑንና የፕሮፔለሩን ፒች።