የርቀት ኮምፒውተር መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር አመራረጥ በባሕር ዳር

ከአንድ ኮምፒውተር ሆኖ የሌላውን ስክሪን ማየት፣ ማውሱንና ኪቦርዱን ማዘዝ በባለሙያዎች አነጋገር «ሪሞት መግባት» ይባላል። በጣና ዳር ሆቴል ያለ የሂሳብ ኮምፒውተርን ከከተማው መሀል ለመሥራት፣ ወይም ዘጌ ድረስ ሳይሄዱ የተበላሸ ፕሪንተር ለማስተካከል ያገለግላል።

ለዚህ ከሚያገለግሉት ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው ቪኤንሲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ካምብሪጅ ውስጥ ተሠራ። የማይክሮሶፍቱ አርዲፒ በ1998፣ ቲምቪወር በ2005፣ አኒዴስክ በ2014 ተከተሉ፤ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ የጀርመን ናቸው።

በባሕር ዳር ምርጫው የሚጀምረው ግንኙነቱ በምን በኩል ያልፋል ከሚለው ጥያቄ ነው። አኒዴስክና ቲምቪወር ሁለቱን ኮምፒውተሮች የሚያገናኙት በውጭ አገር ሰርቨር አማካይነት ስለሆነ ራውተር መነካካት አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን በሞባይል ዳታ የሚሠሩ ሁሉ ይህ መንገድ ተዘጋባቸው። በአንድ ሕንፃ ኬብል የተያያዙ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ባይኖርም በአርዲፒ ይገናኛሉ። ስለዚህ አንድ የውስጥ፣ አንድ የውጭ መንገድ አብሮ ማዘጋጀት ይገባል።

አርዲፒ በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ ይመጣል፤ ከርቀት የሚታዘዘው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ግን ፕሮ የሚባለው ዓይነት እንጂ ሆም መሆን የለበትም። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ገብቶ ማብራት፤ በኮማንድ ፕሮምፕት «አይፒኮንፊግ» (ipconfig) ጽፎ የኮምፒውተሩን አድራሻ ማየት፤ ከሌላው ኮምፒውተር የዊንዶውስና የአር (R) ቁልፎችን አብሮ ተጭኖ «ኤምኤስቲኤስሲ» (mstsc) መጻፍና ያንን አድራሻ ማስገባት ነው። ፓስወርድ የሌለው አካውንት አያስገባም። ራውተሩ አድራሻውን ስለሚቀያይረው ቋሚ አድራሻ መያዝ ይበጃል። በእንግዶች ዋይፋይ ላይ ኮምፒውተሮች እንዳይተያዩ ተደርጎ ከሆነም ግንኙነቱ አይሳካም። አርዲፒ ሲገባ እዚያ ያለው ስክሪን ይቆለፋል፤ አጠገቡ ላለ ሰው እያሳዩ ለማስተማር አይሆንም። 3389 ፖርትን፣ ማለትም አርዲፒ የሚገባበትን በር፣ በራውተር ለኢንተርኔት መክፈት ፈጽሞ አይመከርም፤ ፓስወርድ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ወዲያው ያገኙታል።

አኒዴስክ ለፈጣን እርዳታ ይመቻል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ቁጥር በስልክ ነግሮ የግንኙነት ጥያቄውን መቀበል ይበቃል። ሳይጫን በቀጥታ ሲከፈት ግን የዊንዶውስ የፈቃድ ጥያቄ ሲመጣ ምስሉ ይቆማል፤ መጫን ያስፈልጋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሰርቨሮቹ እንደተጠቁ አስታውቋል፤ የቆየ ቅጂ የያዘ ማደስ አለበት። ቲምቪወር ለግል ጥቅም ነፃ ሲሆን ለንግድ ይውላል ብሎ ሲጠረጥር ያቋርጣል፤ ለድርጅት መክፈል ግድ ነው።

የራሱን ሰርቨር መትከል ለሚችል ተቋም ራስትዴስክ ይሻላል። ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው፤ ኤችቢቢኤስ (hbbs) እና ኤችቢቢአር (hbbr) የተባሉ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ሊኑክስ ላይ ይነሳሉ፤ ከ21115 እስከ 21117 ያሉት ፖርቶች ይከፈታሉ፣ 21116 በዩዲፒም ጭምር። የሰርቨሩ ይፋዊ ቁልፍ (በ.pub የሚያልቀው ፋይል) ጽሑፍ በየኮምፒውተሩ መግባት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ላለባት ከተማ ይህ ከአቅም በላይ አይደለም።

ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ፕሮግራም በጋራ ፎልደር ከመክፈት ሪሞት መግባት ይመረጣል፤ መስመር ቢቋረጥ መረጃው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ አይበላሽም። በአማርኛ ሲጻፍ የግዕዝ ኪቦርዱ በሚቆጣጠሩት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይብራ፤ የራስዎ እንግሊዝኛ ላይ ይሁን። ሁለቱም ከበሩ «ለ» ሊጻፍ ሲል «ልለ» ሊሆን ይችላል።

ሶፍትዌሩ ቢመረጥም መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ካልተነሳ ዋጋ የለውም። ባዮስ በሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ኃይል ሲመለስ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት፣ ስሊፕን ማጥፋት፣ ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋ ምንም እንዳያደርግ ማዘዝ ያስፈልጋል። ራውተሩም ዩፒኤስ ላይ ይሰካ።