በአሜሪካ አዋጪ ላውንድሮማት ፈልጎ መግዛት

ላውንድሮማት ደንበኛው በሳንቲም ወይም በካርድ እየከፈለ ልብሱን ራሱ የሚያጥብበትና የሚያደርቅበት ቤት ሲሆን፣ በአሜሪካ የብዙ ስደተኛ ቤተሰቦችን ዓይን ከሚስቡ አነስተኛ ንግዶች አንዱ ነው። አጀማመሩ በ1934 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ፎርት ዎርዝ ከተማ አራት የኤሌክትሪክ ማጠቢያዎችን በሰዓት ያከራይ ከነበረው «ዋሻቴሪያ» ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል። ዱቤ የሌለበት፣ የሚበላሽ ሸቀጥ የማይከማችበትና በጥቂት ሠራተኛ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ይመረጣል፤ ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ቤቶች ገቢው በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ስለሚሰበሰብ ሻጩ የሚጠራውን ቁጥር በደረሰኝ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አዋጪውን ቤት የማግኘት ሥራ በአመዛኙ የማጣራት ሥራ ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ከሰፈሩ ነው። ተፈላጊው ተከራይ የበዛበት፣ በየአፓርታማው ማጠቢያ ያልተገጠመበት፣ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች የሚኖሩበት አካባቢ ሲሆን፣ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው የተከራዮችን ብዛት በየሰፈሩ ከፋፍሎ በነፃ ያቀርባል። የሚሸጡ ቤቶች በኢንተርኔት ማስታወቂያና በደላላ በኩል ይገኛሉ፤ ነገር ግን እንደ ስፒድ ኩዊንና ዴክስተር ያሉ ማሽኖችን የሚያከፋፍሉ ነጋዴዎች የትኛው ባለቤት እንደደከመውና ጡረታ እንደሚያስብ ከማስታወቂያው ቀድመው ስለሚያውቁ፣ እነሱን ማነጋገር ብልህነት ነው።

ገቢን ለማጣራት ከውሃ ቢል የተሻለ ማስረጃ የለም። ጥሬ ገንዘብ ሊደበቅም ሊጋነንም ይችላል፣ ያለ ውሃ የሚካሄድ እጥበት ግን የለም። ገዢው ቢያንስ የ24 ወራት ቢል በቀጥታ ከውሃ አገልግሎቱ እንዲሰጠው ሻጩን ፈቃድ ያስፈርማል። ብዙ ከተሞች ፍጆታን የሚቆጥሩት በመቶ ኪዩቢክ ጫማ ስለሆነ አንዱ መለኪያ በ748 ጋሎን ይባዛል። ለምሳሌ 30 ማጠቢያ ያለው አንድ ቤት በወር 80 መለኪያ ቢጠቀም ፍጆታው 59,840 ጋሎን ነው፤ ለመጸዳጃ ቤትና ለወለል ጽዳት 5 በመቶ ሲቀነስ 56,850 ገደማ ይቀራል። በአማካይ አንድ እጥበት 20 ጋሎን ከወሰደ በወሩ 2,840 ያህል እጥበት ተካሂዷል፤ እያንዳንዱ ማሽን በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ሠርቷል ማለት ነው። የአንዱ እጥበት አማካይ ዋጋ 4.50 ዶላር ቢሆን ማጠቢያዎቹ 12,800 ዶላር ገደማ ያስገባሉ፤ ማድረቂያዎቹ የዚህን ግማሽ ቢጨምሩ ጠቅላላው ወደ 19,200 ዶላር ይደርሳል። ሻጩ የወር ገቢዬ 28,000 ነው ካለ ልዩነቱን ማስረዳት የእሱ ፈንታ ነው።

ስሌቱ ግን በጥንቃቄ መሠራት አለበት። ከላይ የሚከፈቱ አሮጌ ማሽኖች ከፊት ከሚከፈቱት አዳዲሶች እጅግ የበዛ ውሃ ስለሚወስዱ፣ የእያንዳንዱ ሞዴል ፍጆታ ከአምራቹ ሰነድ ተወስዶ ለየብቻ ይሰላል። ቧንቧ ከፍቶ ቢሉን የሚያሳብጥ ሻጭም አይጠፋም። በመሆኑም የውሃው ውጣ ውረድ ማድረቂያዎቹ ከሚያነዱት ጋዝ ጋር ይመሳከራል፤ ውሃው በድንገት ጨምሮ ጋዙ ባለበት ከቆመ ነገሩ ያጠራጥራል። ሻጩ ለመንግሥት ያስታወቀውን ገቢ ለማየትም በፎርም 4506 የታክስ ሰነዱን ቅጂ ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይቻላል።

ከገቢው ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእሱ እኩል፣ የሚመዝነው የኪራይ ውሉ ነው። ማሽኖቹ ከቧንቧ፣ ከጋዝ መስመርና ከፍሳሽ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው አከራዩ ውጣ ባለ ጊዜ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ከባድ ኪሳራ ያስከትላል፤ የስንት ዓመት ጥሪት የሚቀልጠውም እዚህ ላይ ነው። የቀረው ዘመንና የማራዘም መብት ተደምሮ ቢያንስ የብድሩን ዕድሜ መሸፈን ይኖርበታል። የዓመቱ የኪራይ ጭማሪ፣ በተከራዩ ላይ የሚጣለው የሕንፃ ታክስና ኢንሹራንስ፣ ሕንፃው ሲፈርስ ውሉን የሚያቋርጥ አንቀጽ መኖር አለመኖሩ በጠበቃ ይታያሉ። ቤቱ ቀድሞ በፐርክሎሮኢትሊን የደረቅ እጥበት ይካሄድበት ከነበረ ኬሚካሉ መሬቱን በክሎ ሊሆን ስለሚችል የአካባቢ ምርመራ ያስፈልጋል።

የማሽኖቹ ዕድሜ ከመለያ ቁጥራቸው ይታወቃል፤ ማጠቢያ በተለምዶ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፣ ማድረቂያ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። አንድ ትልቅ ማጠቢያ ልብስ ሞልቶ በፍጥነት ሲሽከረከር ከኋላው የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ሲሆን፣ ጥገናው ለአሮጌ ማሽን አያዋጣም። ከማድረቂያዎቹ ጀርባ ብናኝ ተከምሮ ከታየም፣ እሳት ሊያስነሳ ከመቻሉ ባሻገር ባለቤቱ ቤቱን ከተወው መቆየቱን ያሳያል።

ዋጋው ብዙውን ጊዜ የዓመቱ የተጣራ ገቢ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ሆኖ ይተመናል፤ የውሉ ማጠርና የማሽኖቹ ማርጀት ዝቅ ያደርጉታል። ባለቤቱ ራሱ ቆሞ የሚሠራበት ቤት ከሆነ፣ የጉልበቱ ዋጋ ሳይቀነስ የቀረበ ትርፍ ትርፍ ተብሎ ሊወሰድ አይገባም። በፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር ዋስትና የሚሰጥ ብድር ለእንዲህ ያለ ግዢ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ዓመት የሚከፈል ሲሆን፣ ከገዢው ኪስ መዋጮ ይጠይቃል፤ የዜግነትና የመኖሪያ ፈቃድ ደንቡም ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። አበዳሪው የመዋጮውን ምንጭ ስለሚመረምር፣ በዋሽንግተን አካባቢ እንደሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ገንዘቡን በእቁብ ያሰባሰበ ሰው ዕጣው ሲደርሰው በባንክ በኩል መቀበልና የክፍያውን ዝርዝር በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል።

በስምምነቱ ቀን የሚገዛው በተለምዶ የሻጩ ድርጅት ሳይሆን ንብረቱ ነው፤ ይህም የቀድሞው ዕዳ ለገዢው እንዳይተርፍ ይረዳል። በማሽኖቹ ላይ የተመዘገበ የባንክ መያዣ መኖሩ ከክፍለ ግዛቱ መዝገብ ይጣራል፣ የውሃና የጋዝ ቆጣሪዎች ይነበባሉ፣ በየማሽኑ ሆድ ያለው ሳንቲም የማን እንደሆነ በውሉ ይሰፍራል፤ ሻጩም በአቅራቢያው ሌላ ላውንድሮማት ላለመክፈት ርቀቱና ዘመኑ ተጠቅሶ ይፈርማል።