የቤት እንስሳት ጥገኛ ተህዋስያን በጎንደር፦ መለየትና ማከም

በጎንደር ከተማ ዳርና በዙሪያው ገጠር በግ፣ ላም፣ አህያ፣ ዶሮና ውሻ በአንድ ግቢ የሚያድሩበት ቤት ብዙ ነው። እነዚህን እንስሳት ቀስ እያለ ከሚጎዳቸው ነገር አንዱ ጥገኛ ተህዋስያን ነው። በሆድ፣ በጉበት ወይም በአንጎል ውስጥ የሚኖረው ትል የውስጥ ጥገኛ ይባላል። መዥገር፣ ቅማል፣ ቁንጫና የእከክ ተባይ ደግሞ የውጭ ጥገኞች ናቸው። እንስሳው በአንድ ሌሊት ስለማይሞት ብዙ ጊዜ «መኖ አነሰው» ተብሎ ይታለፋል።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ሰሜን ሲወጡ ወገራ፣ ዳባትና ደባርቅ የበግ አገር ናቸው። ወደ ደቡብ የደምቢያ ሜዳ እስከ ጣና ይዘረጋል፤ አፈሩ ጥቁር ነው፣ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ወደ ምዕራብ መተማና ቋራ ቆላ ናቸው። እንስሳው የታመመበትን ለማወቅ የት ሲግጥ እንደከረመ መጠየቅ ግማሽ ምርመራ ነው።

የቀደመው ዘመን

ስለ አካባቢው የእንስሳት ጠላቶች ረዘም አድርገው ከጻፉት የቀደሙ ተጓዦች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ፈንጣጣ የያዛቸውን ስላከመ እንደ ሐኪም ተከበረ። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ላይ ከንብ እምብዛም የማትበልጥ ዝንብ ይገልጻል። ድምጿ ሲሰማ ከብቱ ሣሩን ትቶ በየሜዳው ይሮጣል፣ በድካም፣ በድንጋጤና በረሃብም ያልቃል ይላል። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው። ጥቁሩን አፈር ለቆ በሱዳን በኩል ወዳለው ወደ አትባራ ወንዝ አሸዋ መውረድና ዝናቡ እስኪያልፍ እዚያው መቆየት።

ይህች ዝንብ ማን ናት የሚለው እስካሁን ያከራክራል። የፄፄ ዝንብ ናት ያሉ አሉ። ፈረስና ከብት የምትነክሰው ትልቋ ዝንብ ናት ያሉም አሉ። ሁለተኛው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። በጣና ዙሪያና በምዕራቡ ቆላ የሚታየው ገንዲ፣ ማለትም ደም ውስጥ የሚኖር ጥገኛ የሚያመጣው የከብት በሽታ፣ በአመዛኙ ፄፄ የማያስፈልገው ዓይነት ነውና። ተናካሽ ዝንብ ከታመመው ወደ ጤነኛው ደሙን በአፏ ይዛ ታስተላልፈዋለች። ከብት በፍርሃት ብቻ ያልቃል የሚለው ግን የተጋነነ ይመስላል። ደሙ ውስጥ የገባውን ጥገኛ ብሩስ የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም። እረኛው ግን ያለ ማይክሮስኮፕ ወቅቱን፣ አፈሩንና መፍትሔውን አውቆት ነበር።

ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፍም ጽፏል፣ ሥዕሉንም አስቀርቷል። በጊዜው ለዕፅዋት ሊቁ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር ብሎ የላቲን ስም ሰጥቶት ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። የኮሶ አበባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገባ። የጎንደር ሰው ያን ጊዜ ከጠጣው ቆይቷል። እንቆቆና መተሬ የተባሉት ዕፅዋትም የዚሁ ሙያ ናቸው። ለእንስሳም ይሰጣሉ። ይሠራሉ ወይ ለሚለው፣ ትል የማስወጣት ኃይል አላቸው። ችግሩ ልኩ ነው። ኮሶ ሲበዛ ሰውንም እንስሳንም ይመርዛል።

ከዚያ በኋላ ስላለው ረጅም ጊዜ የሚባለው ትንሽ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመንግሥት የእንስሳት ሐኪሞች ዋና ሥራ ደስታ የተባለውን የከብት ወረርሽኝ መከተብ ነበር። ትል ተራውን ጠበቀ።

ከሕዝብ ጤና ኮሌጅ ወዲህ

እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ከዚያ በፊት በደምቢያ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ለመከፈቱ ትልቅ ምክንያት ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። ሥራው ስለ ሰው ነበር። ጥገኛን በማይክሮስኮፕ የመፈለግ ልማድ ግን በከተማዋ ሥር የሰደደው በዚህ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

በአገሪቱ የመጀመሪያው የእንስሳት ሐኪሞች ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት ተከፍቷል። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የራሱ የእንስሳት ሕክምናና የእንስሳት ሳይንስ ኮሌጅ አለው። ተማሪዎቹ በከተማዋ ቄራ የታረዱ ከብቶችን ጉበትና ሳንባ እየመረመሩ፣ የበግ በጠጥ እየሰበሰቡ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራሉ። ስለ አካባቢው የምናውቀው ብዙው የመጣው ከእነዚህ ልጆች ነው።

በግ፦ ደም መጣጩ ትል

በበግና በፍየል ጨጓራ ውስጥ ከሚኖሩት ክፉው ሄሞንከስ ነው። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያስወጣል። አንድ ሺህ ትል ሲሆን 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለ25 ኪሎ በግ ይህ ቀላል አይደለም። አንዲት እናት ትል በቀን ከ5,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሙቀትና እርጥበት ከተመቸው እንቁላሉ በሳምንት ገደማ በሣር ላይ ተላላፊ እጭ ይሆናል። ስለዚህ ክረምቱና ከመስከረም በኋላ ያሉት ሳምንታት አደገኛ ናቸው።

ምልክቱን ለማየት የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ ያደርጉታል። ቀይ ከሆነ ደህና ነው። ሐመር ሮዝ ከሆነ ያሳስባል። ነጭ ከሆነ ደሙ አልቋል። ፋማቻ የተባለው ባለ አምስት ቀለም ካርድ በደቡብ አፍሪካ የተሠራው ለዚሁ ነው። ሌላው ምልክት በመንጋጋ ሥር የሚቋጠር ለስላሳ እብጠት ነው። ይህ ትል የግድ ተቅማጥ አያመጣም። «አላስቀመጠውም፣ ትል የለበትም» የሚለው አባባል ብዙ በግ ጨርሷል።

የጉበት ትል

ይህኛው ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ነው። ያለ ውሃና ያለ ትንሽ ቀንድ አውጣ አይራባም። እንቁላሉ ከእበት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። እጩ ቀንድ አውጣው ውስጥ ይባዛል፣ ወጥቶ ሣር ላይ ይለጠፋል፣ ከብቱ ይግጠዋል። በደጋው አንዱ ዝርያ፣ በቆላው ትልቁ ዝርያ ይበዛል። መካከለኛው ከፍታ ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ። ደምቢያ ለዚህ ትል የተመቸ ነው።

ከብቱ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ወተቱ ይቀንሳል። በግ ላይ ሲጠና ድንገት ይገድላል። ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ሁለት ወር ከግማሽ ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ መሃል የሚታይ እበት «ነፃ ነው» ሊያሰኝ ይችላል። እንቁላሉም ከባድ ስለሆነ የሌሎች ትሎች እንቁላል በሚንሳፈፍበት የጨው ውሃ ላይ አይንሳፈፍም። ላቦራቶሪው አስረግቶ ማየት አለበት። ናሙና ይዘው የሚሄዱ ሰዎች «የጉበት ትልም ይታይልኝ» ማለት ይገባቸዋል።

አዙሪት፣ ወይም የውሻው ጉዳይ

በጉ ከመንጋ ይነጠላል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይዞራል፣ ግድግዳ ይገፋል፣ አንዳንዴ አንድ ዓይኑ ይጠፋል። አዙሪት ነው። አንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ ከረጢቱ የውሻ ኮሶ እጭ ነው። የራስ ቅሉ ከላይ ከሳሳ ቀዶ ማውጣት ይቻላል። በተግባር ግን ብዙው በግ ይታረዳል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። ውሻው ከረጢቱን ይበላል፣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላል በየሜዳው ይበትናል፣ በጎቹ መልሰው ይግጡታል። በገናና በፋሲካ ማግስት የሰፈር ውሻ ጭንቅላት ሲጎትት ማየት ብርቅ አይደለም። በጉን አክሞ ውሻውን መተው ገንዘብ ማባከን ነው። ጭንቅላቱ ሳይቀቀል ለውሻ መድረስ የለበትም፤ ካልተቀቀለ ጠልቆ ይቀበር። በሳንባና በጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠትም እንደዚያው። እርሱ ከውሻ ወደ ሰውም ስለሚያልፍ ይብሳል። ውሻን ያቀፈ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ መብላት የለበትም።

ለውሻ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ነው፤ ልኩ በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው። ትሉን ይገድላል፣ የወጣውን እንቁላል ግን አይነካም። ስለዚህ ከሰጡት በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን ውሻውን አስሮ ዓይነ ምድሩን መቅበር ያስፈልጋል።

የውጭ ጥገኞች

ቅማልና የበግ ደም መጣጭ ተባይ ቆዳውን ያበላሻሉ። ቆዳ ፋብሪካዎች እከክ ብለው ዋጋ የሚጥሉት ይህንኑ ነው። መዥገርን በእጅ መልቀም ለሁለት ሦስት ላም ይሠራል። ለመንጋ የሚረጭ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ዳያዚኖን የታወቀው ነው። ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ እንስሳ ላይ መርጨት ግን አይገባም። ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል።

መድኃኒቱና ልኩ

አልቤንዳዞል በየሱቁ አለ። የበጉ ክኒን 300 ሚሊግራም፣ የከብቱ 2,500 ሚሊግራም ነው። እንደ ሄሞንከስ ላለው ክብ ትል በኪሎ 7.5 ሚሊግራም ስለሚሰላ የበጉ ክኒን እስከ 40 ኪሎ ይበቃል። ሁለት በግ ለማዳረስ ለሁለት መክፈል የተለመደ ቁጠባ ነው፤ በጉ ትልቅ ከሆነ ግን ትሉን አይገድልም፣ መድኃኒቱን ያላምደዋል። ለጉበት ትል አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ብቻ ነው። ትራይክላቤንዳዞል ያላደገውንም ይይዛል። አልቤንዳዞል በእርግዝና የመጀመሪያ ወር ጽንሱን ሊያበላሽ ይችላል።

አይቨርሜክቲን ለክብ ትልና ለእከክ ጥሩ ነው፤ ለጉበት ትልና ለኮሶ ግን ምንም አያደርግም። ለአህያና ለፈረስ በአፍ የሚሰጠው ቅባት ይመረጣል። የከብቱን መርፌ ለትንሽ ውሻ በግምት መስጠት አደጋ ነው፣ አንዳንድ የፈረንጅ ዝርያዎች በጥቂቱ ይሞታሉ። ለገንዲ ዲሚናዜን በኪሎ 3.5 ሚሊግራም በጡንቻ ይወጋል፤ ይህን ከገበያ ገዝቶ ያለ ባለሙያ እንስሳውን መውጋት አይመከርም።

የበጠጡ ናሙና ከመሬት ሳይሆን ከራሱ ከእንስሳው ቢወሰድ ይሻላል። በላስቲክ ታስሮ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፣ ካደረ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ሕክምናው ከተሰጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ማስመርመር መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል። በሚታለብ ላም ላይ ክኒን ሲሰጥ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ወተቱ አይጠጣም፣ ለእርጎም አይጠራቀምም። አይቨርሜክቲን መርፌ ደግሞ ወተቷ ለሰው ለሚታለብ ላም ጨርሶ አይሰጥም።