የማይዘጋ ማዞሪያ ሲባል ምን ማለት ነው?

አዘዞ ያለ ሰው ፒያሳ ላለ ወንድሙ ደወለ እንበል። የሁለቱም መስመር ነፃ ነው። መሃል ላይ ባለው ማዞሪያ፣ ማለትም የስልክ መስመሮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው መሣሪያ ውስጥ ግን ማገናኛ መንገድ ጠፋ፤ ጥሪው አላለፈም። መዘጋት የሚባለው ይህ ነው። ወንድምየው ከሌላ ሰው ጋር እያወራ ከሆነ ግን ጥፋቱ የማዞሪያው አይደለም። ብዙ ሰው የሚያምታታው እዚህ ጋ ነው።

100 ገቢና 100 ወጪ መስመር በአንድ ትልቅ ማዞሪያ ለማገናኘት 10,000 መገናኛ ነጥብ (አንድ ገቢ መስመር ከአንድ ወጪ መስመር ጋር የሚገናኝበት ቦታ) ያስፈልጋል። ውድ ነው! ቤል በተባለው የአሜሪካ የስልክ ምርምር ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ክሎስ በ1953 እ.ኤ.አ. ሥራውን በሦስት ደረጃ፣ ማለትም በደዋዩ በኩል፣ በመሃልና በተቀባዩ በኩል፣ ለትናንሽ ማዞሪያዎች አከፋፈለው።

ታዲያ መሃል ላይ ስንት ማዞሪያ ይበቃል? የደዋዩ ማዞሪያ 10 መስመር አለው እንበል። የቀሩት 9 መስመሮች 9 የመሃል ማዞሪያዎችን ይዘው ሊሆን ይችላል። በተቀባዩም በኩል ሌሎቹ 9 መስመሮች፣ ዕድል ሲከፋ፣ ከነዚያ የተለዩ 9 ይይዛሉ። 18 አለቁ። ለአዲሱ ጥሪ አንድ ሲጨመር 19። በዚህ ስሌት መገናኛ ነጥቡ ወደ 5,700 ይወርዳል።

«10 ይበቃል» የሚል ብታነቡም ውሸት አይደለም፤ ነጥቡም 3,000 ብቻ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን በመካሄድ ላይ ያሉ ጥሪዎችን ወደ ሌላ መንገድ ማዛወር ከተቻለ ነው። ሁለቱም «የማይዘጋ» ስለሚባሉ፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው።