ኸርድን ከማክ አንስቶ ኤል 4 ላይ ማስቀመጥ ለምን ከበደ?

እዚህ ድሬ ኮምፒውተር የምንማር ልጆች ደጋግመን የምናነሳው ጥያቄ አለ፦ «ኮዱ ካለ ከርነሉን፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ አውጥቶ ሌላ መተካት ምን ይከብዳል?»

ይከብዳል። ኸርድ ጂኤንዩ ለተባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጻፈ፣ ከማይክሮከርነል በላይ የሚሠራ የፕሮግራሞች ስብስብ ነው፤ ማክ (የአፕሉ ኮምፒውተር አይደለም) እና ኤል 4 ደግሞ ማይክሮከርነሎች ናቸው። ማይክሮከርነል ትንሽ ሥራ ብቻ የተተወለት ከርነል ነው፤ ሜሞሪ ይመድባል፣ ፕሮሰሰሩን ያካፍላል፣ መልእክት ያደርሳል። ፋይልና ኔትወርክ ከላዩ እንደ ተራ ፕሮግራም ይሠራሉ፣ የሚጻፉትም የሱን ጠባይ ተከትለው ነው። የድሬን የድሮ ባቡር አስቡት። ሐዲዱ 1 ሜትር ስፋት አለው፣ የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲሱ ላይ ልሂድ ቢል እግሩ አይገጥምም።

ጂኤንዩ ኸርድ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲጀመር የተመረጠለት በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማክ ነበር። ማክ ግን ቀርፋፋ ነው ተባለ። ጀርመናዊው ዮኸን ሊድትከ በኤል 4 መልእክት በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ሊደርስ እንደሚችል ሲያሳይ የኸርድ ሰዎችም ጓጉ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ማክ መልእክቱን ተቀብሎ ወረፋ ያስይዝልሃል፣ ኤል 4 ላይ ግን ላኪና ተቀባይ ፊት ለፊት ካልተረካከቡ መልእክት የለም። ማን ለማን መላክ ይችላል የሚለውንም ማክ ራሱ ይጠብቃል፣ የያኔው ኤል 4 ከላዩ ላሉት ፕሮግራሞች ይተወዋል። ስለዚህ ብዙው ነገር እንደ አዲስ መነደፍ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2005 የመጀመሪያው ፕሮግራም ኤል 4 ላይ ተነሳ፣ ግን ሥራው አልቀጠለም። ኸርድ ዛሬም ማክ ላይ ነው።

ከርነሉ ሲቀየር ከላይ ያለው መነካቱ እርግጥ ነው። ምን ያህል የሚለው ግን ይለያያል፤ ጀርመን፣ ድሬስደን ውስጥ የሊኑክስን ከርነል ኤል 4 ላይ አስኪደውታል፣ ምክንያቱም ሙሉውን እንደ አንድ ፕሮግራም አስቀምጠው የቀየሩት በዋናነት ከሃርድዌር ጋር የሚነካካውን ክፍል ነው።