ለዕውቅና ስትመዘገቡ «ጥቃቅን» ናችሁ «አነስተኛ»?

ክፍለ ከተማው ለሞዴል ኢንተርፕራይዞች (ለአርአያ ድርጅቶች) ዕውቅና ሲሰጥ ብዙ ሰው የሚምታታበት ምድቡ ላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት እንውሰድ። ባለቤቱ፣ ሚስቱና ሦስት ሠራተኞች አሉ። በ2003ቱ የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ ቤተሰብም ይቆጠራል። እስከ አምስት ሰው ጥቃቅን ነው።

ግን ማሽኖቹ 300 ሺህ ብር ቢያወጡስ? በዚያው ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ የጥቃቅን ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር፤ በአገልግሎት 50 ሺህ። የሰው ቁጥርና ሀብት ሲጋጩ ሚዛን የሚደፋው ሀብቱ ነው። ስለዚህ በዚያ መለኪያ የእንጨት ሥራ ቤቱ ምድቡ «አነስተኛ» ነው። ሕንፃ ግን ከሀብቱ አይደመርም፤ ይህን ብዙዎች ይስቱታል።

በዛሬ የማሽን ዋጋ 100 ሺህ በጣም ዝቅተኛ ይመስለኛል። ወረዳችሁ አሁን በየትኛው ጣሪያ እንደሚሠራ ሳትጠይቁ ፎርም አትሙሉ።